ስለ አሮጌ የጃፓን ክፍት መኪናዎች ጣራ
(ለተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ስለ ፍልስፍና ወይም ስለ ኤኮኖሚ ለመናገር አልተነሣንም። የተነሣንበት ነገር ሸራ፣ ማስቲሽና ዳዶ ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም፣ እዚህ አሜሪካ ከምንማረው መካከል ጣራው ወደ ኋላ የሚታጠፍ አሮጌ የጃፓን መኪና የገዙና ለመግዛት ያሰቡ አሉ። የተማሪ ኪስ ደግሞ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ለመግዛት አይበቃም። ስለዚህ ጥቂት ደቂቃ ብንወስድባችሁ እንደማትቀየሙን እናምናለን።

ጃፓኖች እንዲህ ያለውን መኪና መሥራት ከጀመሩ ቆይተዋል። በ1960ዎቹ ዓመታት ዳትሰን ፌርሌዲን፣ ሆንዳም ኤስ 600ንና ኤስ 800ን ሠርተው ነበር (ዓመታቱን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ይሁን እንጂ በብዛት ተሸጦ ዛሬ ከተማሪ እጅ የሚገባው ማዝዳ ኤም ኤክስ 5 ነው። በአሜሪካ ሚያታ፣ በጃፓን ዩኖስ ሮድስተር ተብሎ የታወቀው ይህ መኪና በየካቲት 1989 በሺካጎ የመኪና ኤግዚቢሽን ለሕዝብ ታየ። በሚያዝያ 2016 ደግሞ አንድ ሚሊዮንኛው ከሂሮሺማ ፋብሪካ ወጣ። የመጀመሪያዎቹ ዕድሜያቸው ከሠላሳ ዓመት አልፏል፤ በዚህ ዕድሜ ሞተሩ ገና ጉልበት ቢኖረውም፣ ፀሐይና ውርጭ የተፈራረቁበት ጣራ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል።

ሻጩም «ሌላው ሁሉ ደኅና ነው፤ ጣራው ብቻ ነው የተቀደደው» ይላል። ዛሬ ልንናገር የመጣነው በዚህች «ብቻ» በምትባል ቃል ላይ ነው። የተቀደደ ጣራ ዐይን ያየዋል፤ ዋጋውም ይታወቃል። የሚያሰጋው ዐይን የማያየው፣ ማለት በቀዳዳው የገባው ውሃ የሄደበት ቦታ ነው።

ብዙ ሰው ጣራ ማለት እንደ ክዳን ውሃን ሁሉ ከላይ የሚመልስ ይመስለዋል። በማዝዳው እንዲህ አይደለም። በጣራው ላይ የወረደው ዝናብ በከፊል ወደ ኋላ ይፈስሳል። እዚያም ከጣራው የኋላ ጠርዝ ሥር የተዘረጋ የፕላስቲክ አሸንዳ ይቀበለዋል። አሸንዳው ውሃውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይመራዋል፤ ከወንበሮቹ በስተኋላ በሁለቱ ጎን ባሉ ቀዳዳዎች ወደ ቱቦ ይገባና ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት ከመኪናው ሥር ይወጣል። ስለዚህ ጣራው ከቤት ክዳን ጋር ብቻ ሳይሆን ከነአሸንዳው የሚመሳሰል ነው።

አሁን ቅጠልና አፈር ቱቦውን ደፈነው እንበል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ሞልቶ ወደ ውስጥ ይፈስሳል፤ ምንጣፉን ያርሳል፤ ከበሩ ሥር ወደሚያልፈው ባዶ ብረት ውስጥም ገብቶ ይቀመጣል። ብረቱም ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል። ዝገቱ ከቀለሙ በላይ በታየ ጊዜ ነገሩ አልፏል። ሸራ ተገዝቶ ይለወጣል፤ የዛገ ብረት ግን ተቆርጦ ሌላ ካልተበየደበት አይድንም። ለብየዳ የሚከፈለውም ከጣራው ዋጋ በልጦ ሊገኝ ይችላል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

እንግዲህ መኪናውን ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር አድርጉ። በመጀመሪያ፣ ከወንበሮቹ በስተኋላ ያለውን ምንጣፍ ገልጣችሁ በእጃችሁ ዳስሱ። ሁለተኛ፣ በቀዳዳዎቹ ውስጥ በየተራ አንድ ኩባያ ውሃ አፍስሳችሁ በሥር መውጣቱን ተመልከቱ። ሦስተኛ፣ ተንበርክካችሁ ከኋላ ጎማ ፊት ያለውን የብረት ጫፍ በጣታችሁ ተጫኑ፤ ካበጠ ወይም ከተቦረቦረ ስለ ጣራው መነጋገሩ ይቅርባችሁ። ቱቦው ተደፍኖ ከተገኘም በለስላሳ የፕላስቲክ ገመድ እንጂ በሽቦ አትውጉት፤ ሽቦ ቱቦውን ይበሳዋል።

ወደ ጣራው ግዢ እንለፍ። ገበያው የሚያቀርበው ሁለት ዓይነት ነው፤ ቪኒልና ጨርቅ። ቪኒሉ በርካሽ ይገኛል፤ ለማጠብም ቀላል ነው። ጨርቁ፣ በላዩ አክሪሊክ፣ በመካከሉ ጎማ፣ በሥሩ ሌላ ጨርቅ ተደራርቦበት የተሠራ ነው፤ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን የመንገዱን ጩኸት ይቀንሳል፤ መታጠፍንም በደንብ ይችላል። መኪናው ደጅ የሚያድርና ገንዘቡ ያጠረው ሰው ቪኒል ቢገዛ አናሳፍረውም። የምንነቅፈው ስፌቱ ሳይታይ የሚገዛውን ነው። በስፌቱ መርፌ ያለፈበት ቀዳዳ ካልታሸገ፣ አዲሱ ጣራ በመጀመሪያው ዝናብ ያፈስሳል።

ስለ ኋላው መስኮትም ማሰብ ያስፈልጋል። እስከ 1997 የተሠራው የመጀመሪያው ትውልድ ማዝዳ ባለዚፕ የፕላስቲክ መስኮት አለው። ጣራው ከመታጠፉ በፊት ዚፑ ተከፍቶ መስኮቱ መዘርጋት አለበት፤ አለዚያ ፕላስቲኩ ይሰበራል። በብርድ ቀን ደግሞ ጨርሶ መታጠፍ የለበትም። በ1998 የመጣው ሁለተኛው ትውልድ የመስታወት መስኮት ይዟል፤ የሁለቱ ትውልዶች ጣራ ስለሚገጣጠም፣ ብዙ ሰዎች ለአሮጌው መኪና ባለመስታወቱን ይገዛሉ። እኛም ይህን እንመክራለን። ሆንዳም በኤስ 2000 እንዲሁ አድርጓል፤ በ2002 ሞዴል ፕላስቲኩን ትቶ ወደ መስታወት ዞረ። ከሻጩ ዘንድ አንድ ነገር ሳትጠይቁ አትለዩ፦ ጣራው የሚመጣው ከነአሸንዳው ነው ወይስ ያለ እርሱ? አሮጌው አሸንዳ ተሰንጥቆ ከሆነ፣ አዲስ ሸራ በላዩ መዘርጋት ከንቱ ድካም ነው።

የመግጠሙ ሥራ ትዕግሥት እንጂ ምሥጢር የለውም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ይመድቡለት። ከወንበሮቹ በስተኋላ ያሉት ዳዶዎች በ10 ቁጥር ቁልፍ ይፈታሉ፤ ጠርዙን የያዙት ጠፍጣፋ ብረቶችም ይነሣሉ። ከዚያ ጣራው ከነአጽሙ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። አሮጌው ሸራ ሳይገፈፍ በፊት፣ ጎማዎቹ፣ ሪቬቶቹና በጎን የሚያልፉት ቀጫጭን ገመዶች የት የት እንዳሉ ፎቶግራፍ ይነሣ። ሪቬቶቹ በመሰርሰሪያ ይወጣሉ፤ የቀረው ማስቲሽ ይፋቃል፤ የዛገው አጽም ተጠርጎ ይቀባል።

አዲሱ ሸራ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ይሙቅ፤ የሞቀ ሸራ ይታዘዛል። በሸራውም በአጽሙም መካከል ላይ ምልክት አድርጋችሁ፣ ከመካከል ጀምራችሁ ወደ ጎን ሂዱ። ሰው ሁሉ የሚቸኩለው የፊተኛው ጠርዝ ሲደርስ ነው። እዚያ ሸራው እጅግ ከተሳበ መቆለፊያው አይደርስም፤ ከላላም በነፋስ ይርገበገባል። ስለዚህ በመቆንጠጫ ይዛችሁ፣ ዘግታችሁ ከፍታችሁ ሳትሞክሩ ማስቲሹን አታፍስሱ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና። ከተገጠመ በኋላ እንዲለምድ ለጥቂት ቀናት ተዘግቶ ይቆይ። ፈተናውም በውሃ ነው፤ አንዱ ባትሪ ይዞ ከውስጥ ይቀመጥ፤ ሌላው በጎማ ቱቦ ከታች ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ ያርከፍክፍ። ከላይ የጀመረ ሰው ውሃው በየት እንደ ገባ ለይቶ ሊያውቅ አይችልም።

ሁሉን በራሳችሁ ሥሩ ማለታችን አይደለም። እንደ ኤስ 2000 በኤሌክትሪክ ሞተር የሚታጠፈውን ጣራ ልምድ ላለው ባለሙያ መስጠት ብልኅነት ነው። ባለሙያውም «የእጅ ሥራ ብቻ ነው» ተብሎ ዋጋው ሊቀነስበት አይገባም። ማዝዳ ራሱ በ2017 የመጀመሪያውን ትውልድ መኪና በጃፓን ማደስ እንደሚጀምር ሲያስታውቅ፣ እንደ ገና ከሚሠራቸው ዕቃዎች መካከል አንዱ ጣራው ነበር። ሠሪው ያከበረውን ሥራ እኛ የምንንቅበት ምክንያት የለም።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። መሰርሰሪያ፣ የሪቬት መምቻና መቆንጠጫ አንድ ተማሪ ለሁለት ቀን ሥራ ብሎ ቢገዛው ኪሳራ ነው፤ ማኅበሩ ገዝቶ ቢያበድረው ግን ለብዙ ዓመት ያገለግላል። የሚቀጥለው የማኅበሩ ስብሰባ እንዲመክርበት እናሳስባለን። እስከዚያው መኪና ያላችሁ ሁሉ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ቱቦዎቹን መርምሩ፤ ዋጋው አንድ ኩባያ ውሃ ነው።