ዐውሎ ነፋስ ካለፈ በኋላ የሚደረግ ምርመራ

(በትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ በዓል ላይ በተማሪ የተደረገ ንግግር)



 ርእሴ ዐውሎ ካለፈ በኋላ ጉዳቱ እንዴት እንደሚመረመርና የነፋሱ ኃይል እንዴት እንደሚገመት ነው።

ልጅ ሳለሁ በአንድ የክረምት ማታ ነፋስ የጎረቤታችንን ቆርቆሮ ገንጥሎ ከባሕር ዛፉ ሥር ጣለው። በማግሥቱ ግማሹ ሰው «ዐውሎ ነው»፥ ግማሹ «ተራ የዝናብ ነፋስ ነው» እያለ ተከራከረ። ክርክሩ ሳያልቅ ቆርቆሮው ተሰበሰበ፤ የወደቀውም ዛፍ ለማገዶ ተፈለጠ። የሚመሰክር ነገር ሁሉ እንዲሁ ጠፋ።

ዐውሎ ባለፈበት ስፍራ የነፋስ መለኪያ መሣሪያ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ሊቃውንት ፍጥነቱን ከጉዳቱ ተነሥተው ይገምታሉ። ይህን መንገድ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. ያወጡት፥ በጃፓን ተወልደው በሺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ፕሮፌሰር ቴትሱያ ፉጂታ ናቸው። አሜሪካ ከ2007 ጀምሮ በተሻሻለው መለኪያ ትሠራለች። ደረጃው ከ0 እስከ 5 ነው። ደካማ የሚባሉት ሁለቱ ናቸው፤ 0 በሰዓት ከ105 እስከ 137 ኪሎ ሜትር፥ 1 ደግሞ ከ138 እስከ 177 ኪሎ ሜትር ይገመታል።

መርማሪው አስቀድሞ ፍርስራሹ ሳይነሣ ይደርሳል። ቀጥሎም እያንዳንዱ ዛፍ ወዴት እንደ ወደቀ በኮምፓስ አይቶ በካርታ ላይ ያሰፍራል። ዛፎቹ በጠባብ መስመር ላይ ከግራና ከቀኝ ወደ መካከል ከወደቁ የዐውሎ ምልክት ነው፤ ከአንድ ቦታ ተነሥተው እንደ ፀሐይ ጨረር ወደ ውጭ ከተበተኑ ግን ከደመና በኃይል የወረደ ነፋስ ነው። ፕሮፌሰር ፉጂታ ይህን የጨረር ቅርጽ ያስተዋሉት በ1974 ጉዳቱን ከአውሮፕላን ላይ ሆነው ሲመረምሩ ነበር። መርማሪው የዛፉ ሥር በስብሶ እንደ ሆነ ያያል፤ የዓይን ምስክሮችንም ለየብቻ ይጠይቃል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የቤቱን አሠራር መመርመር ነው። ቤት ፈረሰ ማለት ነፋሱ ብርቱ ነበር ማለት አይደለም። ወራጁ ከግድግዳው ጋር በደንብ ካልታሰረ፥ ቆርቆሮውም በጥቂት ሚስማር ከተያዘ፥ ደካማ ነፋስም ይነሣዋል።

የአሜሪካው መለኪያ 28 ዓይነት ሕንፃዎችን፥ ምሰሶዎችንና ዛፎችን ይዘረዝራል፤ በእንጨትና በጭቃ የተሠራው የእኛ ቤት ግን ከዚያ ውስጥ የለም። በ2023 በኤውሮፓ የወጣው ዓለም አቀፍ መለኪያ ሕንፃዎችን እንደየጥንካሬያቸው ስለሚከፍል ለእኛ ይቀርባል። ቢሆንም ከመካነ ሰላም እስከ ዐባይ ሸለቆ አፋፍ ያለውን የደጋ ቤት ጠንቅቀን የምናውቀው እኛው ነን።

ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው? ነፋሱን አጋንነን «ማንም አይችለውም ነበር» ካልን ቤቱን በዚያው ሚስማር፥ በዚያው አሠራር መልሰን እንሠራዋለን። «ደካማ ነፋስ ነበር» ብለን እውነቱን ከጻፍን ግን የጎደለው ማሰሪያ ይታየናል፤ የሚመጣውም ክረምት ሌላ ጣራ አይወስድብንም ይሆናል። ጣራውን ያጣ ሰው ግን በቃሉ አይዘን፤ ደካማ ያልነው ነፋሱን እንጂ ጉዳቱን አይደለም።

ስለዚህ ጓደኞቼ፥ እንዲህ ያለ ነገር በደረሰ ጊዜ በመጀመሪያ የተጎዳ ሰው እንዳለ እንይ፥ እንርዳም። ከዚያ በኋላ ደብተርና እርሳስ ይዘን፥ ዛፉ ሳይፈለጥ፥ ያየነውን ሳንጨምርና ሳንቀንስ እንጻፍ።