ክብደትና የሚያድግ አጥንት



በቅርቡ ለተግባር ልምምድ ወደ ዲምቱ ለምትወጡ ተማሪዎች ስለ ሕጻናት ውፍረት መናገሬ ሳያስገርማችሁ አይቀርም። በዱጉና ፋንጎ ቆላ በዋናነት የሚጠብቃችሁ ችግር የምግብ እጥረት ነውና። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕጻናት 38 በመቶው የቀነጨሩ፣ ከመጠን በላይ የወፈሩት ግን 1 በመቶ ያህል ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ከዚህ ተነሥቶ ውፍረት የእኛ ጉዳይ አይደለም የሚል ይኖራል። እኔ አልስማማም። አጥንት ትልቁን ሥራውን የሚሠራው በጉርምስና ነው፤ ቁመት እጅግ በሚፈጥንባቸው ሁለት ዓመታት ገደማ ብቻ በአዋቂነት ከሚኖረን የአጥንት ማዕድን ሩብ ያህሉ ይከማቻል። የአምስት ዓመት ሕጻን መለኪያ ስለዚያ ዘመን ብዙ አይነግረንም።

በባህላችን ወፍራም ልጅ የደስደስ ያለው፣ የጠገበ ልጅ ነው። አጥንቱም የጠነከረ ይመስለናል። እርግጥ ነው፣ በመሣሪያ ሲለካ ከእኩዮቹ የበለጠ ማዕድን ይዞ ሊገኝ ይችላል፤ ክብደት በራሱ አጥንትን ያሠራልና። ነገር ግን ያ ትርፍ ከሚሸከመው ሸክም ጋር ሲነጻጸር ብዙ ጊዜ ያንሳል። ልጁ ሲወድቅ በክንዱ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከቀጭን ጓደኛው ይበልጣል። አጥንትን ይበልጥ የሚገነባው የጡንቻ ጉተታ ነው፤ ስብ አይጎትትም። በመቅኔ ውስጥ አጥንት ገንቢ ሕዋስና የስብ ሕዋስ ከአንድ ዓይነት እናት ሕዋስ የሚወለዱ መሆናቸውንም አትርሱ። ቫይታሚን ዲ ደግሞ በስብ ውስጥ ተከማችቶ ስለሚቀር፣ ወፍራም ልጅ እንደ ዲምቱ ባለ ፀሐያማ ቦታ ቢኖርም በደሙ ውስጥ ያለው መጠን ሊያንስ ይችላል።

ለእኛ ይበልጥ አሳሳቢው ግን ሁለቱ ችግሮች በአንድ ልጅ ላይ ሲገናኙ ነው። በሕጻንነቱ የቀነጨረ ልጅ ካደገ በኋላ ወደ ከተማ ይሄዳል፤ ዳቦ፣ ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ ይለምዳል፤ ውኃ መቅዳትና ከብት መጠበቅ ይቀራል። ክብደቱ ይመለሳል፣ ቁመቱ ግን በአብዛኛው አይመለስም። ለክንድ ዙሪያ መለኪያ ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ያነበበችው ያቺ ቁራጭ ጥብጣብ የብዙ ሕጻናትን ሕይወት አትርፋለች። ስለ ቁመት ግን አንዳች አትናገርም። ስለዚህ የቁመት መለኪያውን ሰሌዳ ይዛችሁ ውጡ፤ ትምህርት ቤትም ግቡ።

ስለ ምግብ ስትመክሩ ከሰው ጓሮ ጀምሩ። እንሰት በካልሲየም የበለጸገ፣ በፕሮቲን ግን ደካማ ነው፤ ቆጮ ከወተት፣ ከአይብ ወይም ከባቄላ ጋር ሲቀርብ ጉድለቱ ይሞላል። አጥንቱ ለተሰበረ ሰው የተመረጠ የእንሰት ዝርያ አሚቾ ቀቅሎ ማብላት በእንሰት አገር የቆየ ልማድ ነው። ይፈውሳል አይፈውስም በሚለው ክርክር ከእናቶች ጋር ጊዜ አታጥፉ፤ እንሰትና አጥንትን ያገናኘ ሰው ለምክራችሁ በሩን ከፍቷል።

አንድ ነገር በተለይ እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። ከአሥር እስከ ዐሥራ ስድስት ዓመት ያለ ወፍራም ልጅ እያነከሰ መጥቶ «ጉልበቴን ያመኛል» ቢላችሁ፣ ጉልበቱን ብቻ መርምራችሁ ማስታገሻ ሰጥታችሁ አትሸኙት። የጭን አጥንት ራስ ከዕድገት መሥመሩ ላይ ሲንሸራተት ሕመሙ ብዙ ጊዜ በጉልበት በኩል ይሰማል። ዳሌውን አንቀሳቅሱ፤ ወደ ውስጥ መዞር እምቢ ካለ ልጁ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በእግሩ አይርገጥ። በተሽከርካሪ ወደ ሶዶ ይላክ፣ የሁለቱም ዳሌ ራጅ ይነሣ። በቀዶ ሕክምና በጊዜ ካልተያዘ ወደ ራሱ የሚሄደው ደም ሊቋረጥና መገጣጠሚያው ለዕድሜ ልክ ሊበላሽ ይችላል።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።