የቤታችን በርና የፍርድ ቤት ማዘዣ

(በሐሮ ወንጪ ለተሰበሰቡ ገበሬዎች የተደረገ ንግግር)



በአገራችን ሰው ወደ ጎረቤቱ ሲሄድ ዘሎ አይገባም። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። ባለቤቱ «ግቡ» እስኪለው ይጠብቃል። ቤት የባለቤቱ ነውና።

ታዲያ የመጣው ጎረቤት ሳይሆን ፖሊስ ቢሆንስ? ያለ ፈቃዳችን ገብቶ ቤታችንን መበርበር ይችላልን? መቼ ይችላል? መቼስ አይችልም? ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰው ቤት፣ ሰውነትና ንብረት እንዲሁ እንዳይበረበር ይከለክላል። ይህ መብት የከተማ ሰው ብቻ አይደለም። የሣር ጎጆም ቤት ነው። እንሰት የተተከለበት ጓሮ ያለው ገበሬና የአምቦ ነጋዴ በሕግ ፊት እኩል ናቸው።

ነገር ግን ሌባም ቤት አለው። የተሰረቀ በሬ ከበረት፣ የተሰረቀ እህል ከጎተራ ይደበቃል። ፖሊስ ከቶ እንዳይገባ ቢከለከል የተሰረቀው ገበሬ ከየት ፍርድ ያገኛል? ስለዚህ ሕግ ለሁለቱም አሰበ። ፖሊስ እንዲፈልግ ፈቀደ፤ በሥርዓት እንዲሆን ግን አዘዘ።

ሥርዓቱ በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ተጽፏል። ይኸውም እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ ፖሊስ ቤት ለመበርበር የፍርድ ቤት ማዘዣ መያዝ አለበት። ማዘዣውን የሚሰጠው ፍርድ ቤት ነው። የቀበሌ ሊቀ መንበር ማኅተም የፍርድ ቤት ማኅተም አይደለም።

ሁለተኛ፣ የሚፈለገው ዕቃ በማዘዣው ላይ ይጻፋል። ከተጻፈው ሌላ መውሰድ አይፈቀድም። በሐይቁ ዳር ፈረስ የምታከራዩ ሰዎች አላችሁ። የአንድ እንግዳ ካሜራ ጠፋ እንበል። ፖሊስ ካሜራ ለመፈለግ ማዘዣ ይዞ ቤታችሁ መጣ። ካሜራውን ቢያገኝ ይወስዳል። የማር ማሰሮአችሁን ግን ይዞ መሄድ አይችልም።

ሦስተኛ፣ የተወሰደው ዕቃ ሁሉ በዝርዝር ይጻፋል። ዝርዝሩንም በተቻለ መጠን ከነገሩ ውጭ የሆነ ሰው አይቶ ይፈርምበታል።

አራተኛ፣ ፍርድ ቤቱ ለይቶ ካላዘዘ በቀር ብርበራ የሚደረገው ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ሌሊት ብርበራ የለም።

ያለ ማዘዣ የሚገባበትም ጊዜ አለ። ሌባ በሬ ነድቶ ሲሸሽ ፖሊስ እግር በእግር ቢከተለውና ሌባው ከእናንተ ግቢ ቢገባ ፖሊሱ ማዘዣ ላምጣ ብሎ አይመለስም። ሌላም አለ። ከሦስት ዓመት በላይ በሚያሳስር ወንጀል ክስ ወይም አቤቱታ ቀርቦ፣ ማስረጃው ከአንድ ቤት ተደብቋል ተብሎ በበቂ ምክንያት ቢጠረጠር፣ ማዘዣ እስኪመጣም ይሸሻል ተብሎ ቢታመን መግባት ይቻላል። ከነዚህ ውጭ ግን ማዘዣ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ፖሊስ ከደጃችን ቢቆም ምን እናድርግ?

ዱላ አናንሣ። ዱላ መብትን አያስከብርም፤ ሌላ ክስ ያመጣል። በትሕትና «ማዘዣውን አሳዩን» እንበል። ማኅተሙን እንይ። የማን ቤት ይላል? ምን ይፈለግ ይላል? አንብበን እንረዳ። በኦሮሚያ የፍርድ ቤት የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ የሚጻፈውም በቁቤ ነው። ቁቤ የማይችል ሰው ተማሪ ልጁን ወይም ጎረቤቱን ጠርቶ ያስነብብ። ሲበረብሩ አጠገባቸው ሆነን እንይ። የወሰዱትን እንቁጠር። ያላነበብነውን ወረቀት አንፈርም። ያለ ሥርዓት ከተበረበርን ቀኑን፣ ሰዓቱንና የጎደለውን ዕቃ በደብተር ጽፈን ለፍርድ ቤት አቤት እንበል። ሕግ ይሻሻላልና ነገር ሲገጥመን የሕግ አዋቂ መጠየቅም ይበጃል።

«ሕጉ መልካም ነው፤ ግን ይከበራል ወይ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም ከሕግ ውጭ የሚደረግ ብርበራን ከልክሎ ነበር። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ግን በአዲስ አበባ አሰሳ ተደረገ። የታጠቁ ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ በረበሩ። ብዙ ሰው ታሰረ፤ የተገደለም አለ። በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀና ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ መበርበር ተፈቀደ። አዋጁ ለአሥር ወር ቆየ። የአምቦና የአካባቢው ሰው ያን ጊዜ ያስታውሰዋል።

ከዚህ ምን እንማራለን? በወረቀት ላይ ያለ መብት ብቻውን በር አይዘጋም። የሚያውቀውና የሚጠይቀው ሰው ይፈልጋል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንኳ ገደብ አለው። የተወካዮች ምክር ቤት ካልተቀበለው አይጸናም፤ ሲጸናም መጀመሪያ እስከ ስድስት ወር ብቻ ነው። እንዲህ ያለ አዋጅ ሲወጣ «ምን ተከለከለ? እስከ መቼ?» ብለን እንጠይቅ።

አባቶቻችን «በሕግ አምላክ!» ሲሉ የሚጣላውም፣ የሚሮጠውም ይቆም ነበር። ፊደል ስላልነበራቸው በቃል ብቻ ሕግን ጠሩ። ወረቀት ሲመጣባቸው ግን ምን እንደሚል ሳያውቁ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። በዚያ አሻራ መሬቱን ያጣ ስንቱ ነው!

እኛ ግን ፊደል ቆጥረናል። «በሕግ አምላክ» ማለትን አንተው፤ «ማዘዣውን አሳዩን፤ እናንብበው» ማለትንም እንጨምርበት። እንዲህ ስንል ፖሊስን መጥላታችን አይደለም። በሥርዓት የሚሠራ ፖሊስ ሲጠየቅ አይቆጣም፤ ማዘዣው ከእጁ አለና። ከሥርዓት የወጣው ግን የሚያነብ ሰው ሲያይ ቆም ብሎ ያስባል።

ስለዚህ ይህን ትምህርት ለሚስት፣ ለባል፣ ለልጆችም እናንብብላቸው። ፖሊስ ሲመጣ ቤት የምትገኘው እናት ልትሆን ትችላለች። መብቷን ካወቀች ቤቱ ጠባቂ አለው።