ከአጥሩ የወጣው ማሽን



ተመራቂዎች፣ በምረቃችሁ ቀን ስለ ሮቦት እንዳወራ ነው የጋበዛችሁኝ። ግን በጫማ ፋብሪካው በሚታወቀው አስኮ ቆሞ ስለ ፋብሪካ የሚያወራ ሰው ከጫማ ቢጀምር አይፈረድበትም። ቆዳ በፎርማ ላይ ሲወጠር ያየ ያውቃል፤ አንዱ ቆዳ እንደ ሌላው አይሳብም። የለመደ ሠራተኛ ሊቀደድ ሲል በጣቱ ያውቀዋል። ይህንን ለማሽን ማስተማር ነው የዘመናችን ተመራማሪዎች ፈተና።

የመጀመሪያው የኢንዱስትሪ ሮቦት ዩኒሜት እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ ጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር ጉልበት እንጂ ዓይን አልነበረውም። ፊቱ ብረት ይቁም ሰው፣ ለእሱ ያው ነው። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት ሮቦትና ሠራተኛ በአጥር ተለያይተው ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ኤድዋርድ ኮልጌትና ማይክል ፔሽኪን ከሰው ጋር አንድ ዕቃ አብሮ የሚይዝ ማሽን ሠሩ፤ ስሙንም «ኮቦት» አሉት። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት፣ ሮቦት ሰውን ቢነካ በየትኛው የሰውነት ክፍል ላይ ጫናው ከምን ያህል ማለፍ እንደሌለበት የሚዘረዝር ሰነድ አወጣ። እንግዲህ አጥሩን የሚተካው ካሜራና ኃይል የሚለካ ሴንሰር ነው። የሠራተኛው ደኅንነትም ማሽኑ እሱን በትክክል በማየቱ ላይ ወደቀ።

እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ተመራማሪ ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡላምዊኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመችው ጥናት፣ ከፊት ምስል ጾታን የሚለዩ የታወቁ ኩባንያዎች ፕሮግራሞች ተፈተሹ። ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ ስህተታቸው ከ0.8 በመቶ አላለፈም፤ ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ጥናቱ ስለ ሮቦት አይደለም፤ የፋብሪካ ሮቦትም ወንድ ነህ ሴት ነሽ ብሎ አይጠይቅም። ግን የማሽን ዓይን ያሳዩትን ብቻ እንደሚለምድ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? የእኛን እጅ፣ በማስቲሽ የተለወሰውን፣ ማን አሳየው?

ጆሮውም እንዲሁ ነው፤ ያሰሙትን ብቻ ይለምዳል። ሞተር በሚጮህበት አዳራሽ ሰው ሲደነግጥ በእንግሊዝኛ አይጮህም፤ «ኧረ ተው!» ነው የሚለው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ሶፊያ የተባለችው ሰው መሳይ ሮቦት አዲስ አበባ መጥታ ነበር። የሶፍትዌሯን ከፊል የሠሩት የእኛው የአይኮግ ላብስ ኩባንያ ልጆች መሆናቸው ያኮራል። በበኩሌ ግን ፈገግ ከምትል ሮቦት ይልቅ፣ ሰው ሲጠጋው ሳይነገረው ቀስ የሚል መልከ ቢስ የብረት ክንድ ይበልጥብኛል።

እናንተን የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ነገ በምትቀጠሩበት ፋብሪካ እንዲህ ያለ ማሽን ሲገባ፣ ሻጩ በብርሃን አዳራሽ ባሳያችሁ ሙከራ ብቻ ተቀብላችሁ እንዳትፈርሙ። በሌሊት ፈረቃ፣ በደብዛዛው አምፖል ሥር፣ በሠራተኛ እጅ ምትክ አሮጌ ጓንት በጨርቅ ሞልታችሁ አስጠጉለት። ነጠላ የደረበች ሴት በርቀት ስታልፍ ያያት እንደሆነ መዝግቡ። በአማርኛ ጩኹበት፤ በኦሮምኛም። የሳተበትን ቀን፣ ሰዓት፣ የብርሃኑን ሁኔታ ጻፉ። ለተመራማሪ ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም፤ አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስና ሮቦቲክስ የልህቀት ማዕከል አለው፤ ወረቀቱን እዚያ አድርሱት። ከአስኮ ዩኒቨርሲቲው እስካለበት ቂሊንጦ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ መሆኑን አውቃለሁ፤ በጠዋት ተነሡ።