ቀኑ የሚሸሽ ፕሮፎርማ

እሱ፦ ባለፈው ወር የጻፍኩትን ፕሮፎርማ ዛሬ ብከፍተው የዛሬን ቀን ይዞ ጠበቀኝ!

እሷ፦ ኤክሴል ላይ ቱዴይ የሚለውን ፎርሙላ አስገብተህ ነዋ። ፋይሉ በተከፈተ ቁጥር ቀኑን ከኮምፒውተሩ ያነባል።

እሱ፦ «ዋጋው ለ15 ቀን ይጸናል» ብያለሁ እኮ። ከመቼ ጀምሮ ልበል? ይሄ ፎርሙላ ባይኖር ይሻል ነበር።

እሷ፦ ኧረ እንደሱ አትበል! ዱቤ ስንት ቀን እንዳለፈው ለማወቅ ግሩም ነው። ከዛሬው ቀን ላይ የመክፈያውን ቀን ትቀንሳለህ፣ በቃ።

እሱ፦ ለዱቤ እሺ። ለፕሮፎርማ ግን አይሆንም።

እሷ፦ እሱስ ልክ ነህ። እዚያ ላይ ኮንትሮልን ይዘህ ሴሚኮለኗን ንካ፤ የዕለቱ ቀን ይገባል፣ ከዚያ አይነቃነቅም።

እሱ፦ የቆዩትስ?

እሷ፦ ከታተመው ቅጂ እያየህ ዛሬውኑ አስተካክል። አድማጮቻችንም ቀኑ ያለበትን ሳጥን ተጭናችሁ ከላይ እዩ፤ ቱዴይ የሚል ካለ ነገ ይቀየራል።