የጠፋችው ድሪም
ከመሬት ውስጥ አሮጌ ገንዘብ ስለሚፈልጉ ሰዎች በሬዲዮ የተሰጠ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናንና ምእመናት ሆይ፤ ዛሬ የምንነግራችሁ ከአፈር በታች ተቀብሮ ስለሚገኝ አሮጌ ገንዘብ ነው። ነገሩ ለስብከት የማይስማማ መስሎ ቢታያችሁ እስከ ፍጻሜው ታገሡን። ጌታችንም በወንጌሉ ስለ ዲናር፥ ስለ ድሪምና ስለ መክሊት፥ በእርሻ ውስጥም ስለ ተሰወረ መዝገብ አስተምሯልና።

በዋሽንግተን ከተማ የሚኖር አንድ የመንፈስ ልጃችን ዘመዶቹን ሊጠይቅ ወደ አገሩ በመጣ ጊዜ ከእኛ ዘንድ ቀርቦ አንድ ነገር አጫወተን። በንስሐ የነገረን ቢሆን ኖሮ ከእኛ ጋር ወደ መቃብር በወረደ ነበር። ነገር ግን በጨዋታ የተነገረ ነው፤ ለሌላውም ትምህርት እንዲሆን እንድናወራው እርሱ ራሱ ፈቅዶልናል።

ይህ ልጃችን በመሬት ውስጥ ያለውን ብረታ ብረት የሚጠቁም መሣሪያ ገዝቶ ነበር። መሣሪያው ረጅም ዘንግ ሲሆን በጫፉ የሽቦ ጥምጥም ያለበት እንደ ሰፌድ ክብ የሆነ ነገር አለው። ከዚያም በኤሌክትሪክ የተፈጠረ የማግኔት ኃይል ወደ መሬት ይልካል፤ በአፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ለዚህ ኃይል ምላሽ ሲሰጥ መሣሪያው ይጮኻል። እ.ኤ.አ. እስከ 1964 ድረስ የተሠሩት የአሜሪካ የ10 እና የ25 ሳንቲም ገንዘቦች ከመቶው 90 እጅ ብር ስለ ነበሩ፥ ፈላጊዎች እነርሱን ለማግኘት ይደክማሉ። ይሁን እንጂ የወርቅ ቀለበትና የተጣለ የቆርቆሮ መክፈቻ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ድምፅ ስላላቸው ቆፍሮ ካላዩ በቀር መለየት እንደሚያስቸግር ነገረን።

ለቤቱ ቅርብ የሆነው መናፈሻ ሮክ ክሪክ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1890 በሕግ የተከለለ ሰፊ ዱር ነው። የአገሪቱ መንግሥት በሚያስተዳድራቸው እንደዚህ ባሉ ፓርኮች ውስጥ በዚህ መሣሪያ መፈለግ በሕግ የተከለከለ ነው። ልጃችንም፥ «አባቴ፥ ባለቤቱ የሞተበትን፥ መሬት የዋጠውን ሳንቲም ማለዳ ሰው ሳይነሣ ገብቼ ባወጣው ማንን እበድላለሁ?» ሲል ጠየቀን።

እኛም፥ «በደል ከሌለበት ሰው ሳይነሣ መግባትን ስለ ምን ፈለግህ?» አልነው።

ዝም አለ። ከጥቂት ጊዜም በኋላ ከኪሱ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ በመዳፋችን ላይ አኖረው። ከአምስት ሳንቲማችን የምታንስ፥ ዝገት አረንጓዴ ያደረጋት የነሐስ ገንዘብ ነበረች። በአንድ ወገን የንጉሥ መልክ፥ በሌላው ወገን መስቀል ይታይባታል። ልጅ ሳለ በአክሱም አቅራቢያ ከብት ሲጠብቅ፥ ዝናብ ካጠበው እርሻ ላይ አንሥቷት ኖሯል። ወደ ባሕር ማዶ ሲሄድም ማንም ሳያውቅ ይዟት ሄደ፤ የአባቱ ማሳ መታሰቢያ ናትና ከእርሷ መለየት ሆነበት።

ምእመናን ሆይ፤ ያን ጊዜ ዐሥር ድሪም የነበራትን፥ አንዲቱም የጠፋባትን ሴት አሰብን። ወንጌላዊው ሉቃስ የጻፈላትን ሥራዋን አስተውሉ። በመጀመሪያ፥ የፈለገችው በገዛ ቤቷ ነው። ሁለተኛም መብራት አብርታ ፈለገች እንጂ ጨለማን መሸሸጊያ አላደረገችም። ሦስተኛም ባገኘች ጊዜ ወዳጆቿንና ጎረቤቶቿን ጠራች እንጂ በመሐረብ ጠቅልላ አልሰወረችም። በእርሻ ውስጥ መዝገብ ያገኘው ሰውም ያለውን ሁሉ ሸጦ እርሻውን ገዛ እንጂ ከሰው መሬት በሌሊት ዘርፎ አልሄደም። እንግዲህ ፈልጎ ማግኘት በራሱ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ከማን ቤት እንደምንፈልግ፥ በብርሃን ወይስ በጨለማ እንደምንፈልግ፥ ያገኘነውንም ለማን እንደምናሳይ ራሳችንን እንጠይቅ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብለው አባቶቻችን የተናገሩት ስለዚህ ነው።

«ባለቤቱ ሞቷል» የሚለውም ቃል አያድነንም። የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ እስከ ሰባተኛው መቶ ዓመት ድረስ በወርቅ፥ በብርና በነሐስ ገንዘብ ያሠሩ ነበር። በፊተኛው ገንዘብ ላይ የጨረቃና የክብ ምልክት ነበረበት። በአራተኛው መቶ ዓመት ግን ንጉሥ ኢዛና በክርስቶስ ባመነ ጊዜ ይህ ምልክት ተነሥቶ በስፍራው መስቀል ተተከለ። ከዚያም ወዲህ በተሠሩት በአንዳንዶቹ የነሐስ ገንዘቦች ላይ በመስቀሉ መካከል ወርቅ ተለብጦ ይገኛል፤ በሌሎቹም ላይ ይህ ነገር አገሩን ደስ እንዲያሰኝ የሚመኝ ቃል በጽርዕ ቋንቋ ተጽፏል። ለአገር ደስታ የተሠራውን አንድ ሰው ለብቻው ቢሰውረው የሠሪውን ምኞት ሻረ ማለት አይደለምን?

ደግሞም አሮጌ ገንዘብ ምስክር ነው። በየትኛው አፈር፥ ከየትኛው ግንብ በታች፥ ከየትኛው ሸክላ ጋር እንደ ተገኘ ቢታወቅ ስለዚያ ዘመን ይመሰክራል። ከስፍራው ነቅለው ከወሰዱት ግን አብዛኛው ምስክርነቱ ይጠፋል። የአገራችንም የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ይከለክላል፤ በድንገት ያገኘም ሰው ሳይዘገይ ለባለሥልጣኑ እንዲያስታውቅ ያዛል።

ይህን ሁሉ ከነገርነው በኋላ ልጃችን ሳንቲሟን በመዳፉ ይዞ ብዙ ሰዓት ተቀመጠ። «ይህችን ከሰጠሁ ከአባቴ ማሳ ምን ይቀርልኛል?» አለ። እኛም፥ «በእርሷ ላይ ያለው መስቀል በግንባርህም ላይ አለ፤ እርሱን ማንም አይወስድብህም» አልነው። በማግሥቱ አብረን ወደ ቅርስ ጽሕፈት ቤት ሄድን። የተገኘችበትን መንደርና እርሻ አንድ በአንድ አስመዝግቦ በገዛ እጁ አስረከባት። ሲወጣም እያለቀሰ ወጣ፤ ነገር ግን የቀለለው ሰው ልቅሶ ነበር።

የተወደዳችሁ ሆይ፤ አባቶቻችን በትርጓሜያቸው ያች የጠፋችው ድሪም አዳም ነው ብለው ያስተምሩናል። ዲናር የቄሣር መልክ ስላለበት ለቄሣር ይሰጣል፤ የሰው ነፍስ ግን የእግዚአብሔር መልክ ስላለባት ለእግዚአብሔር ትሰጣለች። ያች የነሐስ ገንዘብ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ በጭቃ ውስጥ ስትኖር ዝገት ሸፈናት እንጂ መስቀሏ አልጠፋም። እኛም በኃጢአት ጭቃ ብንወድቅ በጥምቀት የተቀበልነው ማኅተም ከእኛ አልጠፋም። ፈላጊያችን ክርስቶስ ነው። እርሱ እንደ ሰው መሣሪያ ወርቁን ከቆርቆሮ ለመለየት አይቸገርም፤ እስከ ሲኦል ወርዶ አዳምን ፈልጎ ያገኘ ነውና።

እንግዲህ ዛሬ ማታ እያንዳንዳችን መብራታችንን አብርተን የልባችንን ቤት እንጥረግ። በመሐረብ ጠቅልለን የሰወርነው የሰው ገንዘብ ቢኖር ለባለቤቱ እንመልስ። ያን ጊዜ በምድር ጎረቤቶች፥ በሰማይም መላእክት ከእኛ ጋር ደስ ይላቸዋል።

ይህን ለማድረግ የአምላካችን ቸርነት፥ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት አይለየን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።