በሳኔቲ አምባ የተነሣ ፎቶግራፍ

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



የዚህ ስብሰባ አዘጋጆች ስለ ተማሪዎች የተግባር ልምምድ እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ፣ ስለ ድልድይ ወይም ስለ መንገድ ሥራ እንደማወሳ ገምተው እንደ ነበር አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ ከተማሪነት ዘመኔ የልምምድ ወራት ሁሉ በልቡናዬ ታትሞ የቀረው፣ በባሌ ተራሮች ላይ የፎቶግራፍ መሣሪያ አንግቤ፣ ቀይ ቀበሮን ለመጠበቅ ከተቋቋመ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ያሳለፍኩት ጊዜ ነው። ስለዚያ እንድናገር ፍቀዱልኝ።

ነገሩ የሆነው በ2003 ዓ.ም. ነው። የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ነበርኩ። ሊቀበለኝ ቃል የገባ አንድ የሥራ ተቋራጭ በመጨረሻው ሰዓት በሩን ስለ ዘጋብኝና የዩኒቨርሲቲው የፎቶግራፍ ክበብ አባል ስለ ነበርኩ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ድረስ ለድርጅቱ መግለጫዎችና የትምህርት ቤት ሥዕሎች የሚሆን ፎቶግራፍ እንዳነሣ ተላክሁ። መምህሬ «ሥራ ፈትተህ ከምትቀመጥ ይሻላል» ከማለት በስተቀር የጨመሩት ቃል አልነበረም።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በስተቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኝም። ለአካለ መጠን የደረሰው ቁጥሩ ወደ 500 የሚገመት ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው የሚኖረው በባሌ ተራሮች ነው። የአካባቢው ኦሮሞ ባላገር «ጀዳላ ፈርዳ» ይለዋል፤ የፈረስ ቀበሮ እንደ ማለት ነው። ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው፤ እነዚህም በቀን ብርሃን ስለሚወጡ እርሱም የሚያድነው በቀን ነው። ይህ ለፎቶግራፍ አንሺ ትልቅ ዕድል ነው። ለቀበሮው ግን ዕድሉ ጠባብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2009 የእብድ ውሻ በሽታ፣ በ2010 ደግሞ ዲስቴምፐር የሚባለው የውሻ በሽታ ከመንደር ውሾች ተላልፎ ብዙዎችን ፈጅቶ ነበር። እኔ የደረስኩት ከዚህ ሁሉ ሞት ማግሥት ነው። በአንድ መንጋ ውስጥ የምትወልደው በአብዛኛው አንዲት እናት ስለሆነች፣ የአንድ ጉድጓድ ቡችሎች ጠፉ ማለት የዚያ መንጋ የዓመት ፍሬ ጠፋ ማለት ነው።

የሳኔቲ አምባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ የመሣሪያዬ ባትሪ በብርዱ ኃይሉን እየከዳ ስላስቸገረኝ በብብቴ ይዤው አድር ነበር። ቀን ደግሞ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው አየሩ ስለሚርገበገብ፣ ከሩቅ የሚነሣ ሥዕል ሁሉ በውኃ ውስጥ የተነሣ ይመስላል። ስለዚህ ለሥራ የሚመቸው የማለዳና የማምሻ ሰዓት ብቻ ነበር።

የተመደብኩት ከአንድ ሸምገል ያሉ የክትትል ሠራተኛ ጋር ነው። በፈረስ እየተዘዋወሩ መንጋዎቹን ይቆጥራሉ፤ እያንዳንዱንም ቀበሮ በጉሮሮው ነጭ ምልክትና በጆሮው ጠባሳ ለይተው ያውቁታል። እኔ «ኦቦ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «ልጄ» ይሉኛል። በመጀመሪያው ቀን የሰጡኝ መመሪያ አንድ ብቻ ነበር። ከጉድጓዱ ፊት ለፊት ካለች አንዲት ጅብራ አጠገብ አቁመውኝ፣ «ከዚህች አትለፍ» አሉ።

ከጅብራዋ እስከ ጉድጓዱ 300 ሜትር ያህል ይሆናል። መሐንዲሶች ናችሁና ሒሳቡን ልንገራችሁ። የሌንሴ የትኩረት ርቀት 300 ሚሊ ሜትር ነበር። ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ እንስሳ ከ300 ሜትር ላይ በመሣሪያው ውስጥ የሚያሳርፈው ምስል 0.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ርቀቱ ወደ 30 ሜትር ቢወርድ ምስሉ 6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህን ሒሳብ በየማታው በድንኳን ውስጥ እሠራው ነበር፤ ሒሳቡም ትክክል ነበር።

በታኅሣሥ አንድ ማለዳ፣ ኦቦ ፈረሳቸው ልጓሙን በጥሶ ሄዶባቸው ሊመልሱት በወረዱ ጊዜ፣ ከጅብራዋ አለፍኩ። በደረቴ እየተሳብኩ ከጉድጓዱ 30 ሜትር ያህል እስክቀር ድረስ ቀረብኩ። አምስት ቡችሎች ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ እናቲቱ አንዱን ትልሳለች። አሥራ አንድ ጊዜ አነሣሁ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ያለ ትምክሕት ልናገር፣ እጅግ ያማረ ነበር። እናቲቱ ቀና ብላ ወደ ሌንሱ ትመለከታለች።

በማግሥቱ ጉድጓዱ ባዶ ነበር።

ኦቦ ዱካውን በዐይናቸው ተከትለው በመጀመሪያ አንዳችም አልተናገሩም። ቀበሮ ሲታወክ ልጆቹን በአፉ እያነሣ ወደ ሌላ ጉድጓድ እንደሚያሸሽ እሳቸው ቀድሞውኑ ያውቁ ነበር፤ እኔ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። በሦስተኛው ቀን ከኮረብታው ማዶ አገኘናቸው። ኦቦ በመነጽር ሲቆጥሩ አራት አሉ። እኔም ቆጠርኩ፤ አራት። እስከ ማታ ተቀምጠን ጠበቅን፤ አምስተኛው አልወጣም።

ብርዱ ይሁን፣ ንስር ይሁን፣ ወይስ የእኔ ሥራ፣ ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። ቡችሎች ያለ ሰው እጅም ይሞታሉ። ይህንኑ ለኦቦ ነገርኳቸው፤ ምናልባት እንዲያጽናኑኝ ፈልጌ ይሆናል። እሳቸው ግን የዕለቱን መዝገብ አውጥተው ከእርሳሱ ጋር ሰጡኝና «ጻፈው ልጄ» አሉ።

«ምን ብዬ?»

«ያየኸውን። ስንት ሰዓት ላይ እንደ ሄድክ፣ ምን ያህል እንደ ቀረብክ፣ ስንት እንደ ነበሩ፣ ስንት እንደ ቀሩ። ከዚያ በታች ስምህን።»

ጻፍኩ። በኋላ በግንባታ ቦታ ላይ ብዙ የዕለት መዝገብ ሞልቻለሁ፤ አንዳንዱም ያጎደልኩትን ብረትና ያሳሳትኩትን ልክ የሚመሰክር ነው። እጄ የዚያን ማለዳ ያህል የከበደችበትን ጊዜ ግን አላስታውስም። የድርጅቱ ኃላፊዎችም መዝገቡን አንብበው አላባረሩኝም፤ ነገር ግን ያንን ያማረ ሥዕል በአንድም ጽሑፋቸው ላይ አላወጡትም። ሥዕሉን ያየ ሁሉ እንዲህ ቀርቦ ማንሣት የተፈቀደ ይመስለዋል ብለው ነው።

እዚህ ላይ ከርእሴ ጥቂት ልውጣ። ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን በየዓመቱ የልምምድ ተማሪዎች እንቀበላለን። ፎቶ ኮፒ እንዲያነሡ እንልካቸዋለን፣ ወይም የራስ ቁር አልብሰን ጥላ ሥር እናስቀምጣቸዋለን፤ በመጨረሻም «በትጋት ሠርቷል» ብለን ማኅተም እንመታለን። ተማሪው እንዳያበላሽብን ስለምንፈራ የሚበላሽ ነገር አንሰጠውም። ኦቦ ግን ከመዝገባቸው ላይ አንዱን ገጽ ለእኔ ለቀቁ። በዚያ ገጽ ላይ የሰፈረው የእኔ ጥፋት ዛሬም ድረስ ከሌሎቹ ቁጥሮች ጋር አብሮ ይኖራል፤ የቆጠራው አካል ነውና።

የቀሩኝን ሳምንታት ያሳለፍኩት በመንደር ውሾች ክትባትና ሳኔቲን አቋርጦ ከጎባ ወደ ደሎ መና በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ቀበሮዎቹ መንገዱን የሚሻገሩበትን ቦታ ከነሰዓቱ እያነሣሁ፣ ርቀቱን በኪሎ ሜትር እየመዘገብኩ ዋልኩ። ማራኪ ሥራ አልነበረም። ሆኖም ተሽከርካሪ በፍጥነት ሲነዳ አደጋ ሊደርስ የሚችልባቸውን ቦታዎች ለይቶ ለማሳየት ከእኔ ሥዕሎች ሁሉ ያገለገሉት እነዚህ ብቻ ነበሩ። የመንገድ መሐንዲስ ለመሆን የወሰንኩትም እዚያው ጠጠር ላይ ተቀምጬ ይመስለኛል።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበ ጊዜ፣ ያንን የታኅሣሥ ሥዕል እንድሰጣቸው የጠየቁኝ ወዳጆች ነበሩ። የዚህ መጽሔት አዘጋጆችም ጠይቀውኛል። ይቅርታ እየጠየቅሁ ለሁሉም እምቢ ብያለሁ። በምትኩ የሰጠኋቸው ከጅብራዋ አጠገብ በጥር ወር ያነሣሁትን ነው፤ ጀርባው ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱና «አራት» የሚል ቁጥር ተጽፎበታል። ቀበሮዎቹ ከጤፍ ቅንጣት አይበልጡም፤ ለማግኘት የፈለገ በስተግራ በኩል፣ ከጥቁሩ ድንጋይ በላይ ይመልከት።